በሣጥን የሚሸጠው ሥርዓተ ፀሐይ፦ ኳሶቹን ያዙ፣ መመሪያውን ተዉት

ለልጅ ስለ ፕላኔቶች ማስተማር ሲታሰብ መጀመሪያ የሚገዛው ዕቃ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በካርቶን የታሸጉ ነጭ የፎም ኳሶች፣ በትናንሽ ብልቃጥ ጥቂት ቀለም፣ አንድ ብሩሽ፣ ቀጫጭን እንጨቶች፣ ለሳተርን የሚሆን ቀለበትና ሁሉንም የሚሸከም መቆሚያ። አምራቹ ይለያይ እንጂ ይዘቱ ከሣጥን ሣጥን እምብዛም አይለይም። ይህ ግምገማ ስለዚህ ሣጥን ነው፤ ምን እንደሚያስተምር፣ ምኑን አሳስቶ እንደሚያስተምር፣ ስሕተቱም ወጥ ቤት ባለው እህል እንዴት እንደሚቃና።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ሣጥኑ የፕላኔቶቹን ስም፣ ተራና መልክ ለማስተማር ጥሩ ዕቃ ነው፤ ከ6 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ ይመጥናል። መጠንንና ርቀትን በተመለከተ ግን ብቻውን ከተተወ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ልጅ በእጁ ሠርቶ ጠረጴዛ ላይ ያቆመውን ነገር መጽሐፍ ላይ ካነበበው አብልጦ ያምናልና፤ ከዓመታት በኋላም ሥርዓተ ፀሐይ ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ያ በአንድ ክንድ ርቀት የተደረደረ የኳስ ረድፍ ነው።

የኳሶቹን ልክ በማስመሪያ ለክተን እንጀምር። በተለመደው ሣጥን ፀሐይ የምትሆነው ኳስ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አላት፤ ጁፒተር 10፣ ሳተርን 7.5፣ ምድር ደግሞ 4 ሴንቲ ሜትር። እውነተኛዋ ፀሐይ በስፋት የምድርን 109 እጥፍ፣ የጁፒተርን 10 እጥፍ ያህል ናት። ስለዚህ ምድር 4 ሴንቲ ሜትር ከሆነች ጁፒተር 44 ሴንቲ ሜትር፣ ፀሐይ ደግሞ 4 ሜትር ከ36 ሳንቲም መሆን ነበረባት፤ ክፍል ውስጥ አትገባም። ርቀቱማ ጨርሶ ሌላ ነው። በዚሁ ልክ ምድር ከፀሐይ 470 ሜትር ርቃ ትቆማለች፣ ኔፕቱን 14 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ፀሐይን ፒያሳ ብናስቀምጣት ኔፕቱንን ፍለጋ ቃሊቲ አካባቢ መውረድ ሊኖርብን ነው። አምራቹ ይህን ሊያሳይ አይችልም፣ ማንም አይጠይቀውም። የምንወቅሰው መመሪያው ስለዚህ አንድ ቃል አለመናገሩን ነው። «መጠኑና ርቀቱ ልኩን የጠበቀ አይደለም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሣጥኑ ላይ ቢታተም ግማሹ ጥፋት ይቀር ነበር።

ወደ ሥራው እንግባ፤ በመጀመሪያ የሚበላሸው ቀለሙ ነው። ኳሶቹ የተሠሩበት ነገር ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም፣ ማለትም ፖሊስታይሪን ነው። ይህ ፎም በቲነር፣ በቤንዚን፣ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ይሟሟል። ከሣጥኑ ጋር የመጣው ቀለም ሲያልቅ (ሁልጊዜ ያልቃል፣ ፀሐይን ብቻ ሁለት ጊዜ ለመቀባት እንኳ አይበቃም) ቤት ያለውን የሚነፋ ቀለም ወይም የዘይት ቀለም አንስቶ መቀባት የተለመደ ስሕተት ነው። ኳሱ ወዲያው እንደተነከሰ ይጎደጉዳል። ማስቲሽም እንዲሁ ፎሙን ይበላል። ለማጣበቅ የሚሆነው ቪናቪል የሚባለው ነጭ የእንጨት ኮላ ነው፤ ለመቀባት ደግሞ በውሃ የሚበጠበጥ አክሪሊክ ወይም የተማሪዎች ቴምፔራ።

የውሃ ቀለም በፎም ላይ አይይዝም፣ እንደ እንባ ይወርዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁለት እጅ ቪናቪል ከአንድ እጅ ውሃ ጋር በጥብጡና ኳሱን ሙሉውን ቀብታችሁ ለአንድ ሰዓት አድርቁት። ይህ ሥሥ ሽፋን የፎሙን ቀዳዳዎች ይደፍናል፣ በላዩ የሚመጣውም ቀለም ይይዛል፣ ቀለምም ይቆጥባል። ልጆች ኳሱን በእጃቸው ይዘው ሲቀቡ ያልደረቀውን በጣታቸው ይነቅሉታል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ኳስ ላይ ስቴኪኒ ሰክታችሁ እጀታ አድርጉት፣ ሲያልቅም ስቴኪኒውን ለሁለት በተቆረጠ ድንች ላይ ተክላችሁ አድርቁት። ሁለት ሥሥ ቅብ ከአንድ ወፍራም ቅብ ይሻላል። ወፍራሙ ከላይ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ይሆንና ማግስቱ ይሰነጠቃል።

የመመሪያው የቀለም ምርጫም እርማት ይሻል። ኔፕቱንን ድቅድቅ ሰማያዊ፣ ዩራነስን ነጣ ያለ አረንጓዴ አድርጎ ማሳየት የሁሉም ሣጥን ልማድ ነው። ያ ጥቁር ሰማያዊ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ቮየጀር 2 የተባለው መንኮራኩር ኔፕቱንን ሲያልፍ ካነሣቸው ሥዕሎች ነው፤ ደመናው ጎልቶ እንዲታይ የቀለሙ ንጽጽር ተጠናክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የታተመ ጥናት ሁለቱ ፕላኔቶች መልካቸው በጣም የተቀራረበ፣ ሁለቱም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሰማያዊ መሆኑን፣ ኔፕቱን በጥቂቱ ብቻ ሰማያዊ እንደሚልቅ አሳይቷል። ስለዚህ ለሁለቱም አንድ ቀለም በጥብጡ፤ የኔፕቱኑ ላይ አንድ ጠብታ ሰማያዊ ጨምሩበት። ቬነስ ብርቱካናማ አይደለም፤ ከላይ የሚታየው ደመናው ነውና ነጣ ያለ ክሬም ቀቡት። ሜርኩሪ ግራጫ። ማርስ የዛገ ቆርቆሮ መልክ፤ ደም የመሰለ ቀይ አይደለም። የጁፒተር መቀነቶች ከወገቡ ጋር ትይዩ ሆነው በአግድም ይዞራሉ፣ ትልቁ ቀይ ነቁጥ ደግሞ ከወገቡ በታች፣ በደቡቡ ግማሽ ነው የሚቀመጠው። ብዙ ልጆች መሃል ላይ ይሥሉታል፤ መመሪያው ላይ ያለው ሥዕል ራሱ መሃል ላይ የሚያደርግበት ጊዜ አለ።

ሳተርን የሣጥኑ ደካማ ጎን ነው። የሚመጣው ቀለበት ኳሱን አንገቱን እንዳነቀ የሚጣበቅ ጠባብ ነገር ነው። እውነተኛው ቀለበት ከፕላኔቱ ጋር አይነካካም፤ በመካከላቸው ክፍተት አለ፣ የውጩ ዳር ደግሞ እስከ ፕላኔቱ ስፋት 2.3 እጥፍ ድረስ ይዘረጋል። ለ7.5 ሴንቲ ሜትር ኳስ ስሌቱ ይኸው፦ ከጠንካራ ካርቶን 17 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቁረጡ፣ መሃሉን 9.3 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ክፈቱት። መሃሉን ከመክፈታችሁ በፊት ግን ከመሃሉ ነጥብ 7.5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ በኮምፓስ ቀጭን ጥቁር መሥመር አዙሩበት፤ ይህ ካሲኒ ክፍተት የሚባለው፣ ቀለበቱን ለሁለት የሚከፍለው ነው። ከዚያ አራት ስቴኪኒ በኳሱ ወገብ ላይ በአራት ማዕዘን ሰክታችሁ ቀለበቱን በላያቸው አስቀምጡና በቪናቪል አጣብቁ። ክፍተቱ አንድ ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ ግን ብርሃን ሲያልፍበት ልጁ «አይነካውም እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተፈለገውም ይኸው ጥያቄ ነው። ቀለበቱ ከበረዶና ከድንጋይ ፍርፋሪ የተሠራ፣ ስፋቱ በመቶ ሺሕ ኪሎ ሜትሮች ሲቆጠር ውፍረቱ በአብዛኛው በአሥር ሜትሮች ብቻ የሚለካ መሆኑን ያኔ መናገር ይቻላል።

እንጨቶቹን ቀጥ አድርጎ መሰካትም ሌላ የመመሪያው ጥፋት ነው። ምድር በዛቢያዋ 23.4 ዲግሪ ታዘነብላለች፣ ሳተርን 26.7፣ ዩራነስ ደግሞ 98 ዲግሪ፤ ማለትም በጎኑ ተኝቶ ነው የሚዞረው። በፕሮትራክተር ለክታችሁ አዘንብላችሁ ስኩት። ለምድር ይህ ከሁሉም በላይ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ወቅቶች የሚመጡት ከዚሁ ዘመም ማለት ነው። አብዛኛው ልጅ፣ አዋቂም ጭምር፣ ሙቀት የሚመጣው ምድር ወደ ፀሐይ ስትቀርብ ይመስለዋል። የእኛ ልጆች ይህን የሚያፈርስ ማስረጃ ደጃቸው ላይ አላቸው። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በገና ሰሞን ነው፣ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል። በዚያ ሰሞን ደግሞ በደጋው ሌሊቱ ውርጭ የሚጥልበት ነው። በጣም የምትርቀው ክረምቱ ሲገባ ነው፣ 152 ሚሊዮን። የ5 ሚሊዮኑ ልዩነት ወቅትን አይወስንም።

ልምምዱ እንዲህ ነው። መሃል ላይ አምፖል አብሩ፣ ልጁ የዘመመችውን ምድር ይዞ አምፖሉን ይዙር። ሁልጊዜ የሚበላሸው አንድ ቦታ ነው፦ ልጁ ሰውነቱን ሲያዞር እንጨቱም አብሮት ይዞርና የምድር ጫፍ ሁልጊዜ ወደ አምፖሉ እንዳዘነበለ ይቀራል። ያን ጊዜ ወቅት አይለወጥም። ስለዚህ አንድ በር ወይም መስኮት ምረጡና «ጫፏ ሁልጊዜ ወደ በሩ ነው የምታየው፣ አንተ የትም ብትሆን» በሉት። ያን ካደረገ በአንዱ በኩል ሰሜኑ ግማሽ፣ በሌላው በኩል ደቡቡ ግማሽ አብዝቶ ሲበራ በዓይኑ ያያል። ከሣጥኑ ጋር የሚመጣው ካርድ በአራት ሥዕል በረዶ፣ አበባ፣ የባሕር ዳርቻና የረገፈ ቅጠል ያሳያል፤ ይህ ለአዲስ አበባ ልጅ አይገጥምም። የኛ ክረምትና በጋ የሚለያዩት ፀሐይ በአናት የምታልፍበት ቦታ ሰሜንና ደቡብ ሲመላለስ የዝናቡ ቀበቶ ስለሚከተላት ነው። ለአዲስ አበባ ፀሐይ በትክክል በአናት የምትቆመው በዓመት ሁለት ቀን፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 ገደማ ነው። ነሐሴ ደመና ነው፤ ሚያዝያ 5 ግን ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ በደጅ ቀጥ ያለ እንጨት ብትተክሉ ጥላው ከእግሩ ሥር ይጠፋል። ካርዱን ጣሉት፣ እንጨቱን ትከሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉድለት፣ ወደ ልኩ። መድኃኒቱ የሣጥኑን አንድ ኳስ ብቻ ይጠቀማል፣ የቀረው ከወጥ ቤት ይወጣል። የጤፍ ፍሬ ስፋቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ምድር አንዲት የጤፍ ፍሬ ብትሆን ፀሐይ 11 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ የሣጥኑ ትልቅ ኳስ ወደዚህ ይቀርባል። ቬነስም ጤፍ ነው። ማርስ የስኳር ቅንጣት፣ ሜርኩሪ የደቃቅ ጨው ቅንጣት። ጁፒተር አንድ ባቄላ፣ ሳተርን አንድ ሽምብራ፣ ዩራነስና ኔፕቱን ትናንሽ የምስር ፍሬዎች። ጨረቃ ከጨው ቅንጣቱም አንሳ ከጤፏ 3 ሴንቲ ሜትር ትርቃለች። እነዚህን በትናንሽ ነጭ ካርቶኖች ላይ በግልጽ ፕላስተር ለጥፏቸው፤ ያለዚያ ንፋስ ምድርን ይወስዳታል፣ ዶሮም ባቄላውን። ቀይ ጤፍ በነጭ ካርቶን ላይ ከነጭ ጤፍ ይልቅ ይታያል።

ከዚያ ውጡ። የአዋቂ እርምጃ 70 ሳንቲም ያህል ነው እንበል። ፀሐይን መሬት ላይ አኑራችሁ 6 ወይም 7 እርምጃ ሂዱ፤ ሜርኩሪ። 12 እርምጃ ላይ ቬነስ፣ 17 ላይ ምድር፣ 26 ላይ ማርስ። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከፀሐይ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው። እስከዚህ ልጆቹ ደስ ብሏቸው ይከተላሉ። ቀጣዩ ጁፒተር ግን 87 እርምጃ ላይ ነው፣ በመካከሉ 43 ሜትር ባዶ። እዚህ ጋ ነው ልጆች «ደረስን?» ማለት የሚጀምሩት፣ መምህሩም ተቻኩሎ ርቀቱን የሚያሳጥረው። አታሳጥሩት፤ ትምህርቱ ያ ባዶነት ነው። በመካከሉ አስትሮይዶች ያሉበት ቀበቶ አለ፤ ፊልም ላይ እንደሚታየው ድንጋይ ከድንጋይ የሚጋጭበት ሥፍራ አይደለም፣ መንኮራኩሮች ምንም ሳይነካቸው አልፈውታል። ሳተርን 160፣ ዩራነስ 320፣ ኔፕቱን 500 እርምጃ ግድም ላይ ይቆማሉ፤ በሜትር 350 ይሆናል። የትምህርት ቤቱ ግቢ ካልበቃ ጁፒተር ላይ አቁሙና የቀረውን መንገድ አጥር ዘልቆ የትኛው ቤት እንደሚደርስ በጣት አሳዩ። የኳስ ሜዳ ርዝመት ብዙውን ጊዜ 100 ሜትር ገደማ ነው፤ ፀሐይን ከአንዱ ግብ ብታስቀምጧት ሳተርን ከሌላው ግብ ጀርባ ይቆማል።

ኔፕቱን ጋ ስትደርሱ ወደ ኋላ አስዩአቸው፤ ያቺ ኳስ አትታይም ማለት ይቻላል። ለትልልቆቹ ልጆች ደግሞ ይህን ጨምሩ፦ ብርሃን ከፀሐይ እስከ ምድር 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚህ የጤፍ ልክ ሲታሰብ በሰከንድ 2.3 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፣ የጉንዳን ጉዞ። እስከ ምስሯ ኔፕቱን ለመድረስ ከ4 ሰዓት በላይ ይጓዛል። ከፀሐይ ቀጥሎ የምትቀርበን ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ በዚሁ ልክ ከ3,100 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ካይሮን አልፎ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ የሚያደርስ።

ጨረቃን በተመለከተ የፎም ኳሶቹ መልሰው ይጠቅማሉ። የ4 ሴንቲ ሜትሯን ምድር ያዙና ለጨረቃ ትልቅ ሽምብራ ስጡት። «የት ላስቀምጣት?» በሉት። ሁሉም ልጅ በአንድ ስንዝር ውስጥ ያስቀምጣታል፤ መጽሐፍ ላይ ያየው ያን ነውና። ትክክለኛው 1 ሜትር ከ20 ነው፣ ማለትም 30 የምድር ስፋት። አንድ ጊዜ በገመድ የለካ ልጅ አይረሳውም።

ስለ ቋንቋው ዝም ብለን አናልፍም፤ ሣጥኑ ማንበብ ለሚጀምር ልጅ የታሰበ ከሆነ ዋናው ዕቃ ካርዶቹ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ በአማርኛ አይመጡም። ራሳችሁ ጻፏቸው። እዚህ ጋ የሚያደናቅፍ ነገር አለ፦ የፕላኔቶቹ የዛሬ ስሞች ልጁ መጨረሻ ላይ በሚማራቸው ፊደላት የተሞሉ ናቸው። ቬነስ ውስጥ «ቬ»፣ ጁፒተርና ኔፕቱን ውስጥ የ«ፐ» ቤት አለ፤ «ፐ» የገበታው የመጨረሻ ፊደል ነው፣ «ቨ»ም በኋላ የተጨመረ። ሀሁን ገና ያልጨረሰ ልጅ ስሙ ላይ ሲደናቀፍ ትምህርቱ የከበደው ይመስላል፣ የከበደው ግን ፊደሉ ነው። ስለዚህ በካርዱ አናት ላይ ስሙን ከፋፍላችሁ ጻፉት፦ ጁ–ፒ–ተ–ር። ከሥሩ አራት ወይም አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ በአንዱ ውስጥ ከስድስት ቃል ሳይበልጥ። ለምሳሌ፦

ማርስ ከፀሐይ አራተኛው ነው። አፈሩ እንደዛገ ብረት ቀይ ነው። ከምድር ያንሳል። ሁለት ትናንሽ ጨረቃዎች አሉት። አንድ ዓመቱ 687 ቀን ነው።

ይህ ይበቃል። በጉዞው ላይ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ካርድ ይዞ ተራው ሲደርስ ቆሞ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ በማርስና በጁፒተር መካከል ያለው ረጅም መንገድም በዚህ ይያዛል። ስሙን አንዴ «ኔፕቱን»፣ አንዴ «ኔፕትዩን» እያላችሁ አትለዋውጡ፤ የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ የሚጽፈውን ይዛችሁ ጽኑ። «መሬት» የሚለው ቃልም ለትንሽ ልጅ ይምታታል፣ ማረሻ የሚያርሰው፣ ልጁ የሚወድቅበትም መሬት ነውና። ለፕላኔቷ «ምድር» ማለቱ ይሻላል። ለታላላቆቹ ደግሞ የድሮዎቹን ስሞች በካርዱ ጀርባ ጻፉላቸው፦ ዐጣርድ፣ ዝኁራ፣ መሪኅ፣ መሽተሪ፣ ዙሐል። እነዚህ በዐረብኛ በኩል ወደ ግዕዝ የሐሳብ (የዘመን ስሌት) መጻሕፍት የገቡ የአምስቱ በዓይን የሚታዩ ፕላኔቶች ስሞች ናቸው፤ ዩራነስና ኔፕቱን በዚህ ዝርዝር የሌሉት የተገኙት በኋላ፣ በቴሌስኮፕ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1781 እና በ1846 ስለሆነ ነው። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ለሚያድጉ ልጆች የአገራቸውን ስም ፊት፣ የአማርኛውን ጀርባ ማድረግ ይሠራል። የእንግሊዝኛውን ስም ስለሚያውቁት ፊደሉን በእሱ ይለማመዱበታል።

ዓመትን ለማስረዳትም ሣጥኑ ምንም አይረዳም፤ ጳጉሜ ትረዳለች። ምድር ፀሐይን ለመዞር 365 ቀንና ሩብ ያህል ይፈጅባታል፤ ሩቧ ተጠራቅማ በአራት ዓመት አንድ ቀን ትሞላለች፣ ጳጉሜም 6 ትሆናለች። ይህን ያወቀ ልጅ የሜርኩሪ ዓመት 88 ቀን፣ የጁፒተር 12 ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ የኔፕቱን 165 ዓመት ያህል ነው ሲባል የሚያነጻጽርበት ነገር አለው። ኔፕቱን ከተገኘ ጀምሮ አንድ ዙር የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

በባትሪ የሚዞረው ዓይነት ዋጋው ከፍ ይላል፣ እኛ ግን አንመክረውም። ሁሉም ክንዶች ከአንድ ዘንግ ጋር ስለሚያያዙ አብዛኞቹ ሞዴሎች ሁሉንም ፕላኔት በአንድ ፍጥነት ያዞራሉ፤ ሜርኩሪና ኔፕቱን እኩል ዓመት አላቸው ማለት ነው። ከላይ ያልነው ሁሉ በአንድ ቁልፍ ይፈርሳል። በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው የአዝራር ባትሪም ከተዋጠ ጉሮሮ ያቃጥላል፤ የባትሪው ክዳን በቡሎን የማይዘጋ ከሆነ ታናሽ ልጅ ያለበት ቤት አታስገቡት። የፎሙ ኳሶችም ቢሆኑ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆኑም፤ ይነከሳሉ፣ ፍርፋሪያቸው ትንታ ያመጣል።

ሣጥኑ ከሰማዩ ጋር ካልተገናኘ መጫወቻ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ስቴላሪየም የተባለው ነጻ ፕሮግራም አብሮት ቢሄድ መልካም ነው፤ በኮምፒውተር ላይ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከተማችሁን ምረጡ፣ ምሽት 1 ሰዓት ላይ አድርጉና የእኩል ምልክቱን ቁልፍ ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ በእያንዳንዱ ጭነት አንድ ቀን ይዘላል፣ ሰዓቱ ግን እዚያው ይቆያል። ቬነስ ከቀን ቀን ከፍ ሲል፣ ከዚያ ወደ ፀሐይ ሲወርድና ከምሽቱ ሰማይ ጠፍቶ በንጋት ሲወጣ ይታያል። አያቶች አጥቢያ ኮከብ የሚሉት እሱ ነው። ልጁ ክሬም ቀብቶ የሰቀለው ኳስና አያቱ በንጋት የምታየው ኮከብ አንድ መሆናቸውን ያገኘበት ቅጽበት ከሣጥኑ ሁሉ ይበልጣል። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፕላኔቶቹ የሚሄዱበት መንገድ በአናታችን አቅራቢያ ያልፋል፤ ስቶክሆልም ያለ ልጅ ከሕንፃ ጀርባ አጎንብሶ የሚፈልገውን እኛ ቀና ብለን እናየዋለን።

ስትገዙ ሣጥኑን ሳትከፍቱ ሥዕሉን ቁጠሩ። ከፀሐይ ሌላ ስምንት ኳስ ሊኖር ይገባል። ዘጠኝ ከሆነ ዘጠነኛው ፕሉቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ፕራግ ላይ በተደረገው የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ጉባኤ ከፕላኔቶች ተራ ወጥቶ ድንክ ፕላኔት ተብሏል። ያ ሣጥን አሮጌ መረጃ ቢይዝም ኳሱ ስለማይበላሽ ዋጋው ከረከሰ ግዙት፤ ካርዶቹን ብቻ አትመኑ። የሳተርንን ጨረቃዎች ቁጥር አይታችሁ የካርዱን ዕድሜ መገመት ትችላላችሁ፦ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ቁጥሩ 274 ደርሷል፤ 62 ወይም 82 ብሎ የታተመ ካርድ ካያችሁ የቆየ ነው። ከቀለሙ ይልቅ የኳሶቹን ቁጥርና ጥንካሬ እዩ፤ በጥፍር ሲጫኑት የሚፈረፈር ፎም ስቴኪኒ አይዝም፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲሰኩት ቀዳዳው ይሰፋና ኳሱ ይወልቃል።